በመሬታችሁ ላይ ደጋግሞ የሚከስ ሰው ሲገጥማችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

አንዳንድ ሰው ተሸንፎም አያርፍም። ወረዳ ፍርድ ቤት ይከሳል፣ ይሸነፋል። ይግባኝ ይላል፣ እዚያም ይሸነፋል። ዓመት ቆይቶ በወንድሙ ስም ይመለሳል። እሱም ሲዘጋበት መሬት አስተዳደር ሄዶ “ካርታው ይምከንልኝ” ብሎ ያመለክታል።

እንዲህ ያለው ሰው ከቀናው ብዙ ጊዜ የሚቀናው ማስረጃ ስላለው አይደለም። እናንተ ስለሰለቻችሁ ነው። አንድ ቀጠሮ ትቀራላችሁ። የድሮው የፍርድ ግልባጭ ይጠፋባችኋል። ወይም “ይሄማ ያለቀ ነገር ነው” ብላችሁ መጥሪያውን ትንቃላችሁ። ስለዚህ ዋናው ሥራችሁ እያንዳንዱ ዙር በትክክል እንዲዘጋ ማድረግና የተዘጋበትን ወረቀት ይዛችሁ ለሚቀጥለው መጠበቅ ነው።

የምጽፈው በኢትዮጵያ ሕግ ላይ ተመሥርቼ ነው። ፍርድ ቤት የሚሟገቱበት ሥርዓት በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። የገጠር መሬት በፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1324/2016 እና በየክልሉ ሕግ ይመራል፤ ስለዚህ ገጠር ያላችሁ የክልላችሁንም ሕግ እዩ።

1. ያላችሁ መብት ምን እንደሆነ ለዩ

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። እናንተ ያላችሁ የይዞታ መብት ነው። በላዩ የሠራችሁት ቤትና የተከላችሁት ተክል ግን የግል ንብረታችሁ ነው።

ይሄ የሕግ ሰዎች ወግ ብቻ አይደለም። ባላጋራችሁ “መሬቱን ከአባታችሁ በገንዘብ ገዝቼዋለሁ” ካለ፣ የገጠር መሬት ሽያጭ በሕግ ፊት አይጸናም። ብልጥ ከሆነ ግን ሽያጩን “ስጦታ” ወይም “የረጅም ጊዜ ኪራይ” ብሎ ያመጣዋል። ያኔ ጥያቄው ውሉ ሕጉ በሚያዘው መንገድ ተጽፎ ተመዝግቧል ወይ የሚለው ይሆናል። ከተማ ላይ ደግሞ “ቤቱን ገዝቻለሁ” የሚል ሰው የጽሑፍ ውል ማምጣት አለበት። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲደረግ ይጠይቃል።

የከተማ ካርታ የያዘ ሰው ባለመብት እንደሆነ ይገመታል። ይህ በዚያው ሕግ ቁጥር 1195 ላይ ነው። ሰው ግን እዚህ ላይ አንብቦ ያቆማል። ቀጣዩ ቁጥር 1196 ይህ ግምት የሚፈርስባቸውን መንገዶች ይዘረዝራል፦ ካርታው ከሥርዓት ውጭ ወይም ሥልጣን በሌለው አካል የተሰጠ ከሆነ፣ መሠረቱ የማይጸና ተግባር ከሆነ፣ ወይም ተከራካሪው ካርታው ከተሰጠ በኋላ ባለመብት ከሆነ። ባላጋራችሁ የሚመጣው ከእነዚህ በአንዱ ነው። ስለዚህ ካርታውን ብቻ አትጠብቁ፤ ካርታው የተሰጠበትን መነሻ ሰነድም ጠብቁ። የሽያጭ ውሉ፣ የስጦታ ውሉ፣ የውርስ ውሳኔው፣ የምደባ ደብዳቤው የት ነው? አሁኑኑ ፈልጉት።

2. ፋይል አደራጁ

ፌስታል ውስጥ የታጨቀ ወረቀት ፋይል አይባልም። አንድ ጠንካራ ክላሰር ግዙና ሰነዱን በጊዜ ቅደም ተከተል አስገቡ። የይዞታ ማረጋገጫ ወይም ደብተር፣ የመነሻ ሰነድ፣ የግብር ደረሰኞች፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የውሃና የመብራት ውል፣ ከመሥሪያ ቤት ጋር የተጻጻፋችሁት ሁሉ። ማመልከቻ ስታስገቡ የእናንተ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ያለበት ማኅተም አስመቱ። ማኅተም የሌለው ማመልከቻ እንዳልገባ ነው የሚቆጠረው።

የፋይሉ የመጀመሪያ ገጽ ሰንጠረዥ ይሁን። በእያንዳንዱ መስመር ክሱ የቀረበበት ቀን፣ ፍርድ ቤቱ፣ የመዝገብ ቁጥሩ፣ ከሳሹ፣ የጠየቀው ነገር፣ ውሳኔው፣ የተዘጋበት ምክንያት ይጻፍ። አዲስ ጠበቃ ብትቀጥሩ ታሪኩን በአንድ ገጽ ይረዳዋል። ዳኛ ፊት ስትቆሙም “ብዙ ጊዜ ከሶናል” ከማለት የመዝገብ ቁጥር መጥራት በጣም ይሻላል።

የፍርድ ግልባጭ ስታወጡ የፍርድ ቤቱ ማኅተም ያለበት ይሁን። ውሳኔው እንደተሰጠ ቶሎ አውጡት፤ ዓመታት ካለፉ መዝገቡን ማስፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ዋናውን ሰነድ ለማንም አትስጡ። ኮፒ ስጡ፣ ዋናውን ለማመሳከር ብቻ አሳዩ። ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንሱና ለምታምኑት ሰውም ላኩ።

ስለ ግብር ደረሰኝ አንድ ነገር ልበል። ደረሰኝ ብቻውን ባለይዞታ አያደርግም። ግን አንዳንድ ባላጋራ በስማችሁ ያለውን ቦታ በራሱ ስም ግብር መክፈል ይጀምራል፤ ዓመታት ቆይቶ የደረሰኝ ቁልል ይዞ ይመጣል። በየዓመቱ ስትከፍሉ የግብር መዝገቡ ላይ የማን ስም እንዳለ ጠይቁ።

3. የቢሮውን መዝገብና ወሰናችሁን አረጋግጡ

እናንተ እጅ ያለው ወረቀትና መሬት አስተዳደር ማኅደር ውስጥ ያለው መመሳሰል አለበት። ሂዱና እዩ። ስም፣ ስፋት፣ የይዞታ መለያ ቁጥር፣ በመዝገቡ ላይ እግድ ወይም ዕዳ መኖር አለመኖሩን አጣሩ። ከተማ ላይ በአዋጅ ቁጥር 818/2006 መሠረት የይዞታ ማረጋገጥና የካዳስተር ምዝገባ በአካባቢያችሁ ከተጀመረ እንዳያመልጣችሁ። በዚያ ወቅት ያልቀረበ ባለይዞታ በኋላ ብዙ ይለፋል። ገጠር ከሆነ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም አለ? ካርታ ያለው የሁለተኛ ደረጃ ደብተር በአካባቢያችሁ እየተሰጠ ከሆነ ወስዳችኋል?

አሁን የተንኮሉን ዋና ነገር ልንገራችሁ። በእኛ አገር ክስ ላይ መሬት የሚገለጸው በአዋሳኝ ነው፦ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን እገሊት፣ በደቡብ ወንዝ። በድሮው ክስ የተሸነፈ ሰው በአዲሱ ክስ አዋሳኞቹን ቀያይሮ፣ ስፋቱን ጨምሮ ወይም ቀንሶ ይጽፋል። “ያኛው ሌላ መሬት ነው፣ ይሄ ሌላ” ለማለት ነው። አዋሳኝ ደግሞ በእውነትም ይለወጣል። ጎረቤት ይሞታል፣ ልጁ ይተካል፣ መንገድ ይሠራል።

መፍትሔው መሬቱን በማይለወጥ ነገር ማሰር ነው። የይዞታ መለያ ቁጥሩን፣ ካለም የጂፒኤስ መጋጠሚያ ነጥቦቹን በእያንዳንዱ መልሳችሁ ላይ ጻፉ። ክርክር ከተነሣ ፍርድ ቤቱ የመሬት አስተዳደር ባለሙያ ቦታው ድረስ ሄዶ ለክቶ፣ ንድፍ ሠርቶ እንዲልክ እንዲያዝ ጠይቁ። የባለሙያው ሪፖርት “አሁን የተከሰሰበት መሬት በቀድሞው መዝገብ የተወሰነበት ነው” ካለ ግማሹን ሥራ ጨረሳችሁ። ባለሙያው ሲመጣ እናንተም፣ አዋሳኞቻችሁም ተገኙ። በሌላችሁበት የተለካ ልኬት ለክርክር ይጋለጣል።

4. መጥሪያ ሲመጣ

ተቀበሉ። አልቀበልም ማለት አይጠቅምም፤ ክሱ በሌላችሁበት ይታያል። በሌላችሁበት ከተፈረደባችሁ ፍርዱ እንዲነሣ ማመልከት የምትችሉት ፍርዱን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ በ1 ወር ውስጥ ነው፤ ያልቀረባችሁበትን በቂ ምክንያትም ማስረዳት አለባችሁ።

ክሱን ስታነቡ ሰንጠረዡን አጠገባችሁ አድርጉና እነዚህን ጠይቁ። ከሳሹ ማነው? ከቀድሞው ተሟጋች ጋር ምን ያገናኘዋል? የሚጠይቀው መሬት ያው ነው? የጠየቀው ዳኝነትስ ያው ነው? መልሱ “ያው ነው” ከሆነ መሣሪያችሁ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 5 ነው። በተመሳሳይ ጉዳይ፣ በእነዚያው ተሟጋቾች ወይም መብታቸውን ከእነሱ ባገኙ ሰዎች መካከል፣ ሥልጣን ያለው ፍርድ ቤት የመጨረሻ ፍርድ ከሰጠ ሌላ ክስ አይታይም። በፍርድ ያለቀ ጉዳይ ይባላል። በቀድሞው ክስ ሊነሣ ይገባው የነበረ ግን ያልተነሣ ነገርም እንደተነሣ ይቆጠራል። “ያኔ ይህንን ምክንያት አላነሣሁም ነበር” ብሎ መመለስ አይቻልም ማለት ነው።

ይህንን የምታነሡት በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ፣ ማለትም ዋናው ክርክር ሳይጀመር በሚቀርብ መቃወሚያ ነው፤ ቁጥር 244 ይመለከተዋል። በዚያው ማመልከቻ ላይ የሚመለከታችሁን ሌላውንም ጨምሩ፦ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም፣ ተመሳሳይ ክስ በሌላ ችሎት በመታየት ላይ ነው፣ ከሳሹ የመክሰስ መብት የለውም፣ ክሱ በይርጋ ታግዷል (በሕግ የተወሰነው የመክሰሻ ጊዜ አልፏል)፣ ጉዳዩ ቀደም ሲል በዕርቅ አልቋል። ያልተነሣ መቃወሚያ በአብዛኛው እንደተተወ ይቆጠራል። በተለይ ይርጋን ዳኛው በራሱ አያነሣላችሁም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1856 ከልክሎታል። እናንተ ካልጠራችሁት የለም።

መቃወሚያችሁን ካስገባችሁ በኋላም በዋናው ጉዳይ ላይ ሙሉ መልስ ስጡ። መቃወሚያው ውድቅ ቢሆን ባዶ እጃችሁን እንዳትቀሩ። የቀድሞዎቹን ፍርዶች ማኅተም ያለበት ግልባጭ አያይዙ፤ “ወደፊት አቀርባለሁ” አትበሉ።

ሰውየው ስንት ጊዜ ከሶ ከተሸነፈ ደግሞ ሁልጊዜ ተከላካይ ሆኖ መቆም አዋጪ አይመስለኝም። በመልሳችሁ ውስጥ የተከሳሽ ከሳሽነት ክስ አቅርቡ። የይዞታው ባለመብት እናንተ መሆናችሁ እንዲረጋገጥና ሁከቱ እንዲወገድ ጠይቁ። የእሱ ክስ ውድቅ ሆነ ማለት እና የእናንተ መብት ተረጋገጠ ማለት አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ለሚቀጥለው ዙር ብዙ እጥፍ ይጠቅማችኋል።

5. “ተዘጋ” ሲባል እንዴት እንደተዘጋ አንብቡ

የፍርድ ወረቀት መጨረሻ ላይ “መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ” የሚል መስመር አለ። ብዙ ሰው እሱን አይቶ “አሸነፍን” ብሎ ይሄዳል። ግን ይህ መስመር ያሸነፋችሁበትም፣ ምንም ያልተወሰነበትም መዝገብ ላይ አለ። ከላይ ያለውን አንብቡ።

ዋናው ጉዳይ ተመርምሮ “ክሱ ውድቅ ነው” ከተባለ ጥሩ ነው። ፍርድ ቤቱ “ሥልጣን የለኝም” ብሎ ከዘጋው ግን ስለ መሬቱ አልፈረደም፤ ሰውየው ወደ ትክክለኛው ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ክሱን ያነሣው ራሱ ከሆነ እንደገና እንዲከስ ፈቃድ ተሰጥቶት እንደሆነ እዩ። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 278 መሠረት ፍርድ ቤቱ ሊፈቅድለት ይችላል። ሲጠይቅ ችሎት ካላችሁ ተቃወሙ፤ ቢፈቀድለትም ኪሳራችሁን እንዲከፍል ጠይቁ።

ሰው የሚሸወድበት ሌላም አለ። ከሳሹ በቀጠሮ የማይመጣ መስሏችሁ እናንተም ቀራችሁ እንበል። ሁለታችሁም ከሌላችሁ መዝገቡ ይሰረዛል፤ ከሳሹ የዳኝነት ክፍያ ከፍሎ እንደ አዲስ መክሰስ ይችላል። እናንተ ቀርባችሁ ክሱን ክዳችሁ እሱ ብቻ ከቀረ ግን ክሱ ይሰረዝና በዚያው ምክንያት አዲስ ክስ ማቅረብ ይከለከላል። የሚቀረው በ1 ወር ውስጥ በቂ ምክንያት አለኝ ብሎ ማመልከት ብቻ ነው። እና አይመጣም ብላችሁ አትቅሩ። የማይመጣበት ቀን ነው ለእናንተ ዋናው ቀን።

ካሸነፋችሁ በኋላ ይግባኝ 60 ቀን፣ የሰበር አቤቱታ (በመጨረሻው ፍርድ ላይ የሕግ ስህተት አለ ተብሎ የሚቀርበው) 90 ቀን አለው። ቀኑን ካላንደር ላይ ጻፉ፤ ካለፈም በኋላ ይግባኝ ቀርቦ እንደሆነ ሬጅስትራር ጠይቁ፤ በቂ ምክንያት አለኝ ብሎ የሚያስፈቅድ አለና። በቁጥር 6 መሠረት ዳግም ዳኝነት የሚጠይቅም አለ፤ እሱ ግን ፍርዱ በሐሰተኛ ሰነድ፣ በሐሰት ምስክር ወይም በጉቦ መገኘቱንና ይህን ከፍርዱ በፊት በትጋት ፈልጎም ሊያውቅ አለመቻሉን ማሳየት አለበት።

“ይልቀቅ” ተብሎ ከተፈረደላችሁ አስፈጽሙ። ፍርድ በመሳቢያ ውስጥ አይሠራም፤ 10 ዓመት ካለፈውም አይፈጸምም። በክርክሩ ጊዜ እግድ ተሰጥቶ ከነበረም መነሣቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ለመሬት አስተዳደር መድረሱን አረጋግጡ። ክርክሩ ካለቀ ከዓመታት በኋላ እግዱ ማኅደሩ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሰው ቤቱን ሊሸጥ ሲሄድ “ታግዷል” የሚባልበት ጊዜ ብዙ ነው።

6. በጎን በር ሲመጣ

በዘመድ ስም። ወንድም፣ ሚስት፣ የወንድም ልጅ ይከሳል። “መብቴን ያገኘሁት ከእሱ ነው” ካለ ቁጥር 5 እሱንም ይይዘዋል። የራሴ የተለየ መብት አለኝ ካለ ግን ማስረጃውን መመርመር ግድ ነው። የወራሽነት ማስረጃ ብቻ ይዞ ከመጣ አትደንግጡ። ያ ወረቀት የሟች ወራሽ መሆኑን ያስረዳል እንጂ መሬቱ የሟች እንደነበር አያስረዳም።

እናንተን ሳይከስ። ይሄኛው ይከፋል። ባላጋራው እናንተን ትቶ ተከራያችሁን ወይም መሬቱን የሚያርስላችሁን ሰው ይከሳል፤ አንዳንዴም ከተከሳሹ ጋር ተስማምቶ። ክርክሩ ገና እየተካሄደ ከሰማችሁ ጣልቃ ገብ ሆናችሁ ግቡ። ተፈርዶ ከሰማችሁ በቁጥር 358 መሠረት ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት መቃወሚያ አስገቡ። ከመፈጸሙ በፊት የሚለውን ልብ በሉ። ተከራያችሁ መጥሪያ ሲደርሰው ያን ዕለት እንዲደውልላችሁ ንገሩት።

በቢሮ በኩል። ካርታ ይምከን የሚል ማመልከቻ ከቀረበ ውሳኔ ሳይሰጥ በጽሑፍ ተቃውሟችሁን አስገቡ፤ የፍርዶቹን ግልባጭ አያይዙ። በቃል “አይዟችሁ፣ ምንም አይሆንም” የሚል ሠራተኛ ቅን ሊሆን ይችላል፤ ነገ ግን ተዛውሮ ሌላው ይመጣል። ውሳኔውንም ምክንያቱንም በጽሑፍ ጠይቁ። በጽሑፍ ካልሆነ ቅሬታ የምታቀርቡበትም፣ ፍርድ ቤት የምትወስዱትም ነገር አይኖራችሁም።

7. መሬቱ ላይ ሲገባ

አጥር ካፈረሰ፣ ድንጋይ ካወረደ፣ ካረሰ ዝም አትበሉ፤ ግን ዱላም አታንሡ። ባለመብቱ ተከሳሽ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ቀኑ የሚታይበት ፎቶና ቪዲዮ አንሡ፣ አዋሳኞችን ጥሩ፣ ለፖሊስና ለቀበሌው ወይም ለወረዳው በጽሑፍ አመልክቱ። የወሰን ምልክት ማንሣትና የሌላን ይዞታ መረበሽ በወንጀልም ያስጠይቃል።

ቀጥሎ የሁከት ይወገድልኝ ክስ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 ይህ ክስ ሁከቱ ከተፈጠረበት ቀን አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ጥቅሙ ቶሎ የሚታይ መሆኑ ነው፤ መያዛችሁንና መረበሻችሁን ታስረዳላችሁ። ግንባታ ጀምሮ ከሆነ ከክሱ ጋር የእግድ ማመልከቻ አብራችሁ አስገቡ። ቤት ከቆመ በኋላ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

መሬታችሁ ባዶ እንዳይውል አድርጉ። አጥሩ፣ ተከሉ፣ እረሱ። ገጠር ላይ በእኩል ወይም በኪራይ የምትሰጡ ከሆነ በጽሑፍ አድርጉና አስመዝግቡ። ከዘመድ ጋር በአፍ የተሰጠ መሬት ብዙ ዓመት ቆይቶ “የራሴ ነው” የሚባለው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

8. ወጪውን ወደ እሱ መልሱ

በየክርክሩ መጨረሻ “ወጪና ኪሳራ የማቅረብ መብቴ ይጠበቅልኝ” የሚባል ነገር አለ። ሁሉም ይለዋል፣ የሚያቀርበው ግን ጥቂት ነው። ተገላግያለሁ ብሎ ይተወዋል። በዚህ ዓይነት ሰው ላይ ግን አትተዉት። የጠበቃ ክፍያ፣ የትራንስፖርት፣ የኮፒ፣ የባለሙያ ክፍያ ደረሰኝ ሰብስባችሁ ዝርዝሩን አቅርቡ። መክሰስ ነጻ የሚመስለው ሰው ሦስተኛውን ክስ ከመጻፉ በፊት ደጋግሞ ያስባል።

9. ሽምግልና ከመጣ

ሽማግሌ ተልኮ ከመጣ አትገፍትሩ። ገጠር ላይ ብዙ ጊዜ ከፍርድ ቤት በፊት የሚጠበቅም ነው። ግን “ለሰላም ብለህ ትንሽ ጥግ ልቀቅለት” ሲባል የምትፈርሙት ወረቀት በኋላ “መብቴን አምኖልኛል” ተብሎ ሊቀርብ ይችላል። ስለዚህ ያልተነበበላችሁን አትፈርሙ። ከተስማማችሁ ደግሞ ስምምነቱ በሽማግሌ ኪስ አይቅር። ክስ ካለ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ላይ አስፍሩት፤ ከሌለ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ አስመዝግቡት። መሬቱ በመለያ ቁጥሩ ይጠቀስ። ሰውየው ከእንግዲህ እሱም፣ ከእሱ መብት አገኘሁ የሚልም ጥያቄ እንደማያነሣ በግልጽ ይጻፍ።

10. ውጭ አገር ወይም ሩቅ ከሆናችሁ

ለእናንተ የሚከራከር ሰው በውክልና ሹሙ። ውክልናው ግን የተፈለገውን ብቻ ይስጥ፦ መክሰስ፣ መልስ መስጠት፣ ይግባኝ ማለት፣ ግልባጭ ማውጣት። መሸጥ፣ ማስያዝ፣ መታረቅ የሚሉትን ካላሰባችሁበት አታስገቡ። ተወካዩን ስትሽሩ ሽረቱን አስመዝግቡ፤ መሬት አስተዳደርና ክርክር ካለም ፍርድ ቤቱ በጽሑፍ ይወቁት። ከባላጋራው ጋር ዝምድና ያለውን ሰው አትወክሉ፣ ምንም ያህል ብታምኑት።

ጠበቃ መቼ ያስፈልጋል ለሚል፦ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ስትጽፉና ሰበር ስትሄዱ ያለ ባለሙያ ባትሞክሩት ይሻላል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ ውሳኔዎቹም በቅጽ ታትመው ይወጣሉ። ጠበቃችሁን “የእኛን የመሰለ የሰበር ውሳኔ አለ?” ብላችሁ ጠይቁት። የመዝገብ ቁጥር ከጠቀሰላችሁ ሰነዱን አስጠይቁና አንብቡት፤ ኮፒውንም ፋይሉ ውስጥ አስቀምጡ።